ለወላጆችና አሳዳጊዎች፦ ስለ አዲስ አበባው የትያትር ጉዞ

ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ ሙዚቃዊ ትያትር ለማየት ወደ አዲስ አበባ ስለሚደረግ ጉዞ

ክቡራን ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ወሬውን ልጆቻችሁ ቀድመው ቤት ስላደረሱት ይህ ደብዳቤ እንግዳ ነገር ይዞላችሁ አልመጣም። ቢሆንም ከልጅ አፍ የተሰማው ሁሉ ልክ ላይሆን ይችላል (ሶደሬ አንሄድም፤ ማን እንዳለው አላውቅም)፤ ስለዚህ ነገሩን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይሻላል። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን አዲስ አበባ ወስደን በብሔራዊ ትያትር አንድ ሙዚቃዊ ትያትር ልናሳያቸው አስበናል። ዓርብ ጠዋት ወጥተን እሑድ እንመለሳለን። ጥር ውስጥ ሠርግ የሌለበት ቅዳሜ መፈለግ ከንቱ ድካም መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከዚያ ካለፈ ጾም ይገባል፤ በጾም ደግሞ ልጆቹን ትያትር ቤት ውሰዱ ብትሉኝም እኔው እምቢ እላለሁ።

የትያትር ቤቱ ፕሮግራም ስለሚለዋወጥ የምናየውን ሥራ ርዕስ ትኬት እንደያዝን በማስታወቂያ ሰሌዳ እንለጥፋለን። ይዘቱን የአማርኛ መምህራኖቻችን አስቀድመው አጣርተው ለዚህ ዕድሜ ይሆናል ካሉት ውጭ አናሳይም።

ባለፈው የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ አንድ አባት ተነሥተው፣ «ልጄን የላክሁት ሊማር ነው፤ ዘፈን ከሆነ እዚሁ ሠርግ ቤት ሞልቷል» ሲሉ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን በሳቅ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። ብዙዎቻችሁ በልባችሁ ይዛችሁታል፤ ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ጠብቀው «ልጅቱን ዘፋኝ ልታደርጓት ነው?» ያሉኝ እናትም አሉ። ስለዚህ የዚህን ደብዳቤ ብዙውን ቦታ ለእሱ ልስጠው።

ሙዚቃዊ ትያትር ማለት በየመሐሉ ዘፈን ጣል ጣል የተደረገበት ድራማ አይደለም። ዘፈኑን ብታወጡት ታሪኩ የሚቆም ከሆነ ነው ሙዚቃዊ የሚባለው። ገጸ ባሕርይው ሲናገር ሲናገር ቆይቶ ተራ ንግግር የማይችለው ቦታ ላይ ሲደርስ ዜማ ያነሣል፤ ዜማው ሲያልቅ ደግሞ አንድ ነገር ተለውጦ ይገኛል፦ ወይ ወስኗል፣ ወይ ምሥጢሩን አውጥቷል፣ ወይ ከሰው ተጣልቷል። ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። እገሌ ሞተ ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል፤ አልቃሿ ግን የሟቹን እርሻ፣ የበሬዎቹን ስም፣ ለእንግዳ ያነጠፈውን መደብ በግጥም እየደረደረች ስታወርደው ነው ድንኳኑ ሙሉ የሚያነባው። ሽለላና ፉከራውም እንዲሁ ነው። «አልፈራም» ብሎ ቁጭ ያለ ሰው ማንንም አያስነሣም፤ ያንኑ በቀረርቶ ሲለው ግን ጎረምሳው ሁሉ ዱላውን ይጨብጣል። ትያትረኞቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ከአንድ ታሪክ ጋር አስረው፣ ከመብራቱ፣ ከልብሱና ከውዝዋዜው ጋር አዋሕደው፣ አንድ ማታ ላይ ማቅረብ ነው። ልጆቻችን ፍሬ ነገሩን በየቤታቸው ያውቁታል። ያላዩት እንዴት እንደሚገጣጠም ነው።

«ከቤተ ክህነት ሰው ልጅ ጋር ትያትር ምን አገናኘው?» ለሚሉት ደግሞ መልሱ እዚሁ አጠገባችን ነው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው። የተማሩት ዜማና ቅኔ ነው፤ ያደጉትም በደብሩ ጥላ ሥር ነው። አዲስ አበባ ገብተው መምህር ሲሆኑ ያንን ቅኔ ይዘው ነው ትያትር መጻፍ የጀመሩት፤ ተማሪዎቻቸውን ራሳቸው እያሠለጠኑ መድረክ ላይ ያወጡ ነበር። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ የተሰማውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፉት እሳቸው ሲሆኑ ዜማውን የሠራው አርመናዊው የሙዚቃ መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። የደብረ ኤልያስ ቅኔ ከነሐስ መሣሪያ ጋር የተገናኘው ያኔ ነው እንግዲህ። ጣሊያን አገር ሲወር ዮፍታሔ ተሰደው ሱዳን ሲገቡም ብዕራቸውን አላስቀመጡም። እኒህ ሰው ከዚህ ከተማ ብዙም ከማይርቅ ቦታ ወጥተው ሳለ ተማሪዎቻችን ስማቸውን ለፈተና ያህል ብቻ ማወቃቸው እኔን ያሳፍረኛል። አንድ ተማሪ «ዮፍታሔ የምን ዘፋኝ ነበር?» ብሎ የጠየቀኝን ዛሬም አልረሳውም።

ስለምንሄድበት ቤት ጥቂት ልበል። የብሔራዊ ትያትርን ሕንፃ ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው ጀምረውት ነበር። ከነጻነት በኋላ ለትያትር እንዲሆን ተሠርቶ ዳግማዊ ሕይወት አገኘና በ1948 ዓ.ም. የዘውድ በዓሉ 25ኛ ዓመት ሲከበር «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር» ተብሎ ተመረቀ። ፊት ለፊቱ የቆመውን ትልቁን የድንጋይ አንበሳ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የቀረጸው ለዚያው በዓል ነው። ጊዜ ካገኘን ፒያሳ ወጥተን ሀገር ፍቅር ትያትርን ከውጭም ቢሆን እናሳያቸዋለን። እሱ የቆየ ነው፤ በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ ሕዝቡን በዘፈን፣ በፉከራና በንግግር ለማነሣሣት የተቋቋመው ማኅበር ነው ቤቱን የወለደው። ይህን የምጽፈው ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት ማታ ማታ እንድትነግሯቸው ነው፤ ከእኛ ከሰሙት ለማስታወሻ ደብተር ይጽፉትና ይረሱታል።

አዳራሹ ውስጥ የሚጠብቃቸው ነገር ቪዲዮ ለለመደ ልጅ እንግዳ ነው። ፊልም ላይ ተዋናዩ ቢሳሳት ተቆርጦ ይወጣል። እዚህ ግን አንድ ሰው እስክስታ መትቶ፣ ትከሻው ገና ሳይረጋ፣ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ቀጥሎ መዝፈን አለበት፤ ከፊተኛው ወንበር የተቀመጠ ሰው ላቡ ግንባሩ ላይ ሲያብለጨልጭ ያየዋል። መጋረጃው ሲገለጥ የአንድ ጎጆ ግድግዳ ነው ያልነው ነገር መብራቱ ሲለወጥ ተራራ ይሆናል። መሲንቆውና ክራሩ ከኪቦርዱና ከሳክስፎኑ ጋር አብረው ሲገቡ ማን ለማን እንደሚለቅ ጆሮ ሰጥቶ መስማት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች በተለይ መብራቱንና ድምፁን የሚቆጣጠሩት ሰዎች የት እንደሚቀመጡ እንዲያዩ ነግሬያቸዋለሁ፤ እኛ ጋ ማይክ በጮኸ ቁጥር ሁሉም ሰው ወደ እነሱ ስለሚዞር ሥራው ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃሉ።

ሲመለሱ በየቡድናቸው ከአካባቢያቸው ታሪክ ወስደው አጭር ሙዚቃዊ ድራማ ይጽፋሉ። የተሻለው በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ይቀርባል። ግጥሙን ከልጅ ልጅ ሳይሆን ከአያት ነው የምንጠብቀው፤ ስለዚህ ልጆቹ መቅጃ ስልክ ይዘው ወደ ቤተ ዘመድ ሲመጡ አታባርሯቸው።

አሁን ወደ ጉዞው። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከትምህርት ቤቱ በር እንነሣለን፤ በሉማሜና በደጀን አድርገን ዓባይ በረሃን በቀን ብርሃን እንሻገራለን፣ ከዚያ ጎሐ ጽዮን፣ ፍቼ እያልን እንገባለን። መኪናው በሌሊት አይጓዝም፤ ስንመለስም እንዲሁ። ጉዞው የሚደረገው መንገዱ ሰላም መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ሐሙስ ማታ ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይቀራል፤ የከፈላችሁትም ሳይጎድል ይመለሳል። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልከራከርም፤ «ለሌላው ልጅ ትኬት ተቆርጧል» የሚል ምክንያትም አልሰማም።

ማደሪያው ፔንሲዮን ነው። ሴቶቹ ለብቻቸው በአንድ ፎቅ ላይ ያድራሉ፤ ሁለት መምህራት ከእነሱ ጋር ይሆናሉ። ትያትሩ ሲያልቅ መሽቶ ስለሚሆን መኪናው በር ላይ ይጠብቀናል፤ ማንም ተማሪ በእግሩ አይሄድም። አዲስ አበባ አጎት ወይም አክስት ያላችሁ፣ «ልጁን አንድ ሌሊት ልውሰደው» የሚል ዘመድ ቢመጣ አንሰጥም። መጥቶ ሰላም ሊለው ይችላል፤ ዳቦም ይዞ ይምጣ፣ ደስ ይለናል። መርካቶም አንሄድም፤ እባካችሁ ዕቃ ግዛልኝ ብላችሁ ብር አትስጡ።

ለዓርብ የጾም ምሳ ከቤት ይቋጠር። ዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ላይ የሚያስመልሳቸው ልጆች አሉና ሎሚና ፌስታል ይያዙ። በረሃውን ወጥተን ሱሉልታ ስንደርስ ብርዱ ሌላ ነውና ጃኬት አይረሳ። የክት ልብስ ግዴታ አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም በቂ ነው፣ ለመቁጠርም ይቀለናል። አዳራሽ ውስጥ ስልክ ይጠፋል። ቆሎ አይቆረጠምም፤ ፉጨት የለም፤ ደስ ያለው በጭብጨባ ይግለጽ።

ክፍያው ለአንድ ተማሪ 1,800 ብር ነው፤ መጓጓዣውን፣ ማደሪያውንና ትኬቱን ይሸፍናል። ገንዘቡን ለክፍል ኃላፊው ሰጥታችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ። ይህ ገንዘብ ለብዙ ቤት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በተለይ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው ለሚማሩት። አቅም ለሌላቸው ከውስጥ ገቢያችን የምንሸፍነው ቦታ ይዘናል። ወላጅ ወይም ተማሪው ራሱ ቢሮዬ ብቅ ብሎ ይንገረኝ። ስም አይጻፍም፣ በሰልፍ ላይ አይጠራም።

መሄድ ለማይፈልጉ ወይም ለምትከለክሏቸው ልጆች ምንም ውጤት አይቀነስም፤ የድራማ ሥራውን እዚሁ ከቀሩት መምህራን ጋር ይሠራሉ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን የፈቃድ ወረቀት አባት ወይም እናት ወይም አሳዳጊ ይፈርምበት። መጻፍ የማይችል ወላጅ ጎረቤት ካነበበለት በኋላ በጣቱ ይፈርም፤ ልጁ ስለ ወላጁ የፈረመውን ግን አንቀበልም፣ ፊርማችሁን ከመዝገብ ጋር እናመሳክራለን። የሕመም ታሪክ ካለ፣ በተለይ አስም ወይም የሚጥል በሽታ፣ ከወረቀቱ ጀርባ ይጻፍልን። ወረቀቱ ከጥምቀት በፊት ባለው ዓርብ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ይድረሰን። ጥያቄ ያላችሁ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮ እገኛለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር

ግልባጭ፦
ለወላጅ መምህር ኅብረት
ለሚኒ ሚዲያና ኪነ ጥበብ ክበብ