የፍላሽ እጀታው ውዳቂ ብረት አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፦

በጋዜጣችሁ የኪነ ጥበብ ገጽ ላይ የሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልም ዕቃዎችን በቤታቸው አስመስለው ስለሚሠሩ ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ አዲስ አበባ ፒያሳ በአጎቴ ፎቶ ቤት፣ ኋላም እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ አሮጌ ካሜራ ስጠግን ዕድሜዬን ያሳለፍኩ ሰው በመሆኔ፣ እንዲህ ያለው ጉዳይ በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ቦታ በማግኘቱ ደስ ብሎኛል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ውስጥ አንዲት ቃል ከነከነችኝ። እነዚህ ሰዎች ለሥራቸው የሚጠቀሙበት ዕቃ የካሜራ «ውዳቂ» እንደሆነ ተገልጿል። ይህች ቃል እውነታውን ስለማትገልጽና ብዙ ሰው እርሷን ይዞ መጋዝና መሰርሰሪያ ስለሚያነሣ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከሁሉ ይበልጥ የታወቀውን ምሳሌ ልውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1977 ለእይታ የበቃው «ስታር ዋርስ» እንግሊዝ አገር በኤልስትሪ ስቱዲዮ ሲዘጋጅ፣ ለትዕይንቱ የሚያስፈልጉትን ዕቃዎች የማሟላቱ ሥራ የሮጀር ክርስቲያን ነበር። ለዕቃ የተመደበው ገንዘብ ጥቂት ነበር፤ ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሉካስም ዕቃው ሁሉ አዲስ ከፋብሪካ የወጣ ሳይሆን ሰው ሲገለገልበት የኖረ እንዲመስል ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ክርስቲያን ከባዶ ከማሠራት ይልቅ ያገለገሉ ዕቃዎችን እየፈለገ መገጣጠምን መረጠ። የዋናውን ባለታሪክ የብርሃን ሰይፍ (ስለቱ ብርሃን የሆነ የፊልሙ መሣሪያ) እጀታ የሚሆን ነገር ሲያፈላልግ፣ ለንደን ውስጥ በአንድ የፎቶ ዕቃ መሸጫ ሱቅ፣ ለረጅም ጊዜ ማንም ሳይነካው በተቀመጠ ሳጥን ውስጥ፣ ግራፍሌክስ የተባለው የአሜሪካ ካሜራ የፍላሽ እጀታዎችን፣ ማለትም የፎቶ መብራት አምፖል የሚገጠምባቸውን ቱቦዎች፣ አገኘ። ባንዱ እጀታ ላይ መያዣ እንዲሆን ጥቁር የጠርዝ መሸፈኛ ቆራርጦ በሱፐር ግሉ ለጠፈበት፤ ማሰሪያው ላይ ከኪስ የሒሳብ ማሽን የወጣች፣ ቁጥሮቹን አጉልታ የምታሳይ የፕላስቲክ ሌንስ ረድፍ ሰካበት፤ ከወገብ ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠልበትን ቀለበት ከታች ጨመረለት። ሥራው ይኸው ነበር። ክርስቲያንና ባልደረቦቹ ለዚያ ፊልም በሠሩት የትዕይንት ዝግጅት ኦስካር ተሸልመዋል፤ እኔም የሚገባቸውን አገኙ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ አንድን ዕቃ ከለመደው ሥራ አውጥቶ በሌላ ዓይን ማየት ትልቅ ችሎታ ነውና።

ነገሩ በአንድ እጀታ የተወሰነ አይደለም። በዚያው ፊልም የጨካኙ ባላንጣ ሰይፍ የተሠራው ኤም ፒ ፒ ከተባለ የእንግሊዝ የካሜራ ድርጅት የፍላሽ እጀታ ሲሆን፣ የሽማግሌው መምህር ሰይፍ ደግሞ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የጠመንጃ ቦምብ፣ ከጄት ሞተር ቧንቧና ከውኃ ቧንቧ መክፈቻ ጋር የግራፍሌክስ ማሰሪያ ተጨምሮበት የተገጣጠመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው «2001» በተሰኘው የስታንሊ ኩብሪክ ፊልም ላይ የሚታየው የኮምፒውተሩ ቀይ ዓይንም የኒኮን ባለ 8 ሚሊ ሜትር፣ ሰፊ እይታ የሚይዝ ሌንስ ነበር። እንግዲህ አምሳያ ሠሪው አሮጌ የካሜራ ዕቃ የሚያሳድደው አለምክንያት አይደለም፤ ፊልሙ ላይ የታየው ዕቃ ራሱ የካሜራ ዕቃ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደዚያች እጀታ ልመለስ፤ ምክንያቱም ጽሑፋችሁ ያለፈው ይህንን ነው። ግራፍሌክስ በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ ይገኝ የነበረ ፋብሪካ ነው። ስፒድ ግራፊክ የተባለው ካሜራው እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1973 ድረስ የተመረተ ሲሆን፣ በተለይ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የአሜሪካ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ መታወቂያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ጆ ሮዘንታል እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1945 በኢዎ ጂማ ደሴት ወታደሮች ባንዲራ ሲያቆሙ ያነሣው ፎቶ የስፒድ ግራፊክ ሥራ ነው። የኒው ዮርክን ሌሊት፣ የእሳት ቃጠሎውንና የወንጀል ቦታውን ሳይቀር፣ እያሳደደ ያነሣ የነበረውና ዊጂ በሚል ስም የሚታወቀው አርተር ፌሊግም የሚሠራው በዚሁ ካሜራና በፍላሽ አምፖል ነበር።

እጀታዋ በኒኬል የተለበጠች የናስ ቱቦ ናት። በውስጧ ሦስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች በተርታ ይገባሉ፤ በድምሩ 4.5 ቮልት ይሰጣሉ። ከላይ አምፖሉ፣ ከጀርባው ሳህን የመሰለ አንጸባራቂ ይገጠማል፤ መካከል ላይ ያለው ማሰሪያ ከካሜራው ጎን ጋር ያጣብቃታል። ፊልሙን ያየ ሁሉ የሚያውቀው ያ ቀይ ቁልፍ ሲጫን፣ የድንጋዮቹ ጉልበት በሽቦ ተጉዞ ሌንሱ አጠገብ ያለውን ትንሽ ኤሌክትሮማግኔት ይቀሰቅሳል፤ እርሱም የሌንሱን መዝጊያ ይመታል፤ አምፖሉም አብሮ ይነድዳል። አምፖሉ ማለት በኦክስጅን የተሞላ ብርጭቆ ውስጥ እንደ ጸጉር የቀጠነ አሉሚኒየም የታጨቀበት ነገር ነው፤ አንዴ ቦግ ካለ አለቀ፤ እንደ ፍም ስለሚግል እስኪበርድ ድረስ በባዶ እጅ አይነካም። የተለመደው ዓይነት ብርሃኑ ሙሉ የሚሆነው ከተቀጣጠለ ከሁለት መቶኛ ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። መዝጊያው ቀድሞ ከተከፈተ ፎቶው ይጨልማል፤ ከዘገየም እንደዚያው ነው። ሁለቱን ማገናኘት የጠጋኝ ጥበብ ነው፤ ልጅ ሆኜ አጎቴ ይህንኑ ሲያስተካክል ጎኑ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። የተቃጠለው አምፖል ብርጭቆው ተሰነጣጥቆና ጠቁሮ ሲወጣ የሰፈር ልጆች «ጋሼ፣ ለኔ! ለኔ!» እያሉ ይሻሙበት የነበረው ዛሬም ከፊቴ አይጠፋም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ዕቃው ለአንድ ሥራ ተብሎ በጥንቃቄ የተሠራ፣ ብዙዎቹም ዛሬ ሦስት ድንጋይ ቢገባባቸው የሚሠሩ መሆናቸውን ለማሳየት ነው። የሚሠራን ነገር ውዳቂ አንለውም።

አምና አንድ ወጣት የአገራችን ልጅ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣ። ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ በውድ ዋጋ የገዛትን እጀታ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ሻጩ «ለፊልም አምሳያ የተዘጋጀች» ብሎ ነው የሸጠለት። ውስጧን ስመለከት የባትሪ መያዣው ስፕሪንግና የአምፖሉ መቀመጫ ተፈልቅቀው ወጥተዋል፤ በምትካቸው ድምፅና መብራት የሚሰጥ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ለማስገባት ቱቦዋ በሦስት ቦታ ተበስቷል። ይህስ ይሁን። ይበልጥ ያዘንኩት ታችኛውን ክዳን ሳይ ነው። በክዳኑ ላይ ከፋብሪካው ጽሑፍ ጎን፣ በመርፌ ወይም በሹል ነገር የተጫሩ ፊደሎች ነበሩ። እንዲህ ያለው ጭረት ምን እንደሆነ የሙያው ሰው ያውቃል፤ በአንድ የጋዜጣ ክፍል ውስጥ ብዙ ፎቶ አንሺ ተመሳሳይ ዕቃ ስለሚጠቀም የየራሱን ለመለየት ስሙን ወይም የጋዜጣውን ምልክት ይጭርበታል። ሻጩ ክዳኑን አዲስ ለማስመሰል በሞተር ሞርዶ አንጽቶት ስለነበር የቀሩት ሁለት ፊደሎችና የሦስተኛው ግማሽ ብቻ ናቸው። በማጉያ መነጽር፣ መብራቱን ከጎን አድርጌ፣ ከወጣቱ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ታገልን። አልተነበበም። ያ ሰው ማን እንደነበረ፣ በየትኛው ጋዜጣ እንደሠራ የሚያመለክተው ብቸኛ ነገር ለማብለጭለጭ ሲባል ተፍቆ ሄደ።

ወጣቱ ጥፋት አልነበረበትም፤ ዕቃው የጥንት መሆኑን እንጂ የሚሠራ እንደነበር ማንም አልነገረውም። የነገረው ሁሉ «ውዳቂ ነው» ያለው ነው።

የሚቀርብብኝን ክርክር አውቀዋለሁ። «ሮጀር ክርስቲያን ራሱ ሙጫ አልቀባም ወይ?» ይባላል። ቀብቷል። ነገር ግን እርሱ በሠራበት ዘመን የጋዜጣ ፎቶ አንሺው ወደ ትንሹ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ካሜራና ወደ ኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ከተሸጋገረ ቆይቶ ነበር፤ እጀታዎቹ በየሱቁ ጓዳ ፈላጊ አጥተው ተከምረው ነበር። ዛሬ ፋብሪካው ከተዘጋ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ የሚጨመር የለም፤ በየዓመቱ የሚቆረጠው ግን ይጨምራል። ሌላም ክርክር አለ፤ ይህኛው እውነትነት ስላለው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፦ ፊልሙ ባይኖር ኖሮ ብዙዎቹ እጀታዎች ከአሮጌ ብረት ጋር ቀልጠው ይቀሩ ነበር፤ ዋጋ የሰጣቸው ፊልሙ ነው። አዎን፣ ከመቅለጥ አድኗቸዋል። ከካሜራቸው የለያቸውም ያው ዋጋ ነው። ዛሬ አንድ ሰው የአያቱን ስፒድ ግራፊክ ሊሸጥ ሲያወጣ፣ የፍላሽ እጀታዋ ብቻዋን ከካሜራው ከነሌንሱ በበለጠ ዋጋ ስለምትጠየቅ ነቅሎ ለየብቻ ይሸጣቸዋል። እኔ ዘንድ ለጥገና ከሚመጡት ከእነዚህ ካሜራዎች አብዛኞቹ ጎናቸው ባዶ ነው። የማሰሪያው ጭረት ብቻ ቀርቷል።

እንግዲህ አምሳያ ሠሪዎች ሥራቸውን ይተዉ አልልም፤ ከቶውንም። ከፊልም ላይ አንዲትን ብሎን ቆጥሮ፣ የአንድን ጠርዝ ስፋት በሚሊ ሜትር ለክቶ የሚሠራ ሰው ትዕግሥት እኔ ከማውቀው የጠጋኝ ትዕግሥት አያንስም፤ ብዙ ወጣቶች ስለ አሮጌ ካሜራ የሚያውቁትን ያወቁት በዚህ በር ገብተው ነው። የምለው ሌላ ነው። የሚቆረጠውን፣ የሚበሳውን፣ ሰሌዳ የሚገባበትን፣ በየበዓሉ ተይዞ የሚጨፈርበትንና የሚወድቀውን ሰይፍ በአዲስ መልክ ከተቀረጸ ቱቦ ይሥሩት፤ ዛሬ በትክክለኛው ልክ የተሠራ አዲስ ቱቦ ከነቀይ ቁልፉ የሚሸጡ ሞልተዋል፤ መቼም መስኮት ውስጥ ሲቀመጥ ልዩነቱን ከሙያተኛ በቀር የሚለይ የለም። እውነተኛይቱን እጀታ የግድ የሚፈልግ ሰው ካለም፣ ሊመለስ የሚችል ሥራ ብቻ ይሥራባት። ጥቁሩን መያዣ በሱፐር ግሉ ፋንታ በሁለት ወገኑ በሚጣበቅ ስስ ፕላስተር ያያይዘው። የሱፐር ግሉ ማስለቀቂያ የሆነው አሴቶን የቁልፉንም ፕላስቲክ ያሟሟዋል፤ በዚህ የተበላሸ ቀይ ቁልፍ ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልቆጥረውም። ከውስጥ የሚያወጣውን እያንዳንዱን ስፕሪንግና ሮንዴላ በትንሽ ከረጢት አድርጎ፣ ከየት እንደወጣ ጽፎ፣ ከእጀታዋ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጠው። በውስጧ የተጣበቀ አሮጌ የባትሪ ድንጋይ ካለ በመዶሻ አይምታት፤ ቱቦው ይሰረጉዳል፤ ወደ ጠጋኝ ያምጣት። ክዳኗንም በሞተር አያንጻ፤ በጭረቱ ውስጥ የሰው ስም ሊኖር ይችላል።

ለአንባቢዎቻችሁም አንድ የተለየ ጥያቄ አለኝ። በዚህ በአሜሪካ ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በአረጋውያን መጦሪያና በቤት ጽዳት ሥራ ላይ እንደተሰማሩ የታወቀ ነው። ባለቤቱ የሞተ ቤት ሲጸዳ፣ ቤተሰቡ «ይህን ጣሉት» ብሎ የሚሰጣቸው ካርቶን ውስጥ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ሲወጡ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ አይቻለሁም። እጀታና ካሜራ አብረው ከተገኙ፣ እባካችሁ አትለያዩአቸው። ለቤተሰቡም ምን እንደሆነ ንገሯቸው።

ያ ወጣት በመጨረሻ ለአምሳያው አዲስ የተቀረጸ ቱቦ ገዝቶ ሰይፉን በራሱ እጅ ሠርቶ አመጣልኝ፤ ጥሩ ሥራ ነው። የተበሳችውን እጀታ እኔ ዘንድ ትቷታል። ቀዳዳዎቹን በናስ ደፍኛቸዋለሁ፤ ስፕሪንጉንም ከሌላ አሮጌ ዕቃ አግኝቼለታለሁ። የጎደለው የአምፖሉ መቀመጫ ነው። ከአንባቢዎቻችሁ ውስጥ ዕቃ ሲቆራርጥ ያወጣውን የአምፖል መቀመጫ ሳይጥል ያስቀመጠ አምሳያ ሠሪ ካለ፣ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ቢያሳውቀኝ የመላኪያውን እኔ እከፍላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የካሜራ ጠጋኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ