ቫይታሚን ዲ፣ ስቴሮይድና የአንጀት ሕዋስ

ለአዘጋጁ፦

ቫይታሚን ዲ የአንጀት ሕዋሳትን መባዛት «ይገታል» ያለው ጽሑፋችሁ መጠኑን ሳይጠቅስ አልፏል። ቁም ነገሩ ግን እዚያ ላይ ነው። ንቁው ቅርጽ ካልሲትሪዮል በደም ውስጥ በሊትር ከ50 እስከ 150 ፒኮሞል ገደማ ነው፤ በላቦራቶሪ የአንጀት ካንሰር ሕዋሳትን የሚያዘገየው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ10 እስከ 100 ናኖሞል ሲሆን ነው (አንድ ናኖሞል ሺህ ፒኮሞል ነው)። ልዩነቱ እስከ ሁለት ሺህ እጥፍ ይደርሳል።

በላቦራቶሪ የስቴሮይድ ሆርሞኖችን ሥራ ስንፈትን ሌላው ጣጣ ሴረሙ ነው። ሕዋስ ማሳደጊያው ፈሳሽ ላይ የሚጨመረው የጥጃ ሽል ሴረም (የደም ሕዋሳቱ የወጡለት የደም ፈሳሽ) የራሱ ስቴሮይዶች አሉት። በከሰል ካልተጣራ፣ ስቴሮይድ የሆኑት የኮርቲዞልም ሆነ የኢስትሮጅን ሥራ ተለይቶ አይታይም። በማሳደጊያው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ፊኖል ሬድ የተባለው ቀለምም (ብዙዎች ይዘነጉታል) ደካማ የኢስትሮጅን ጠባይ ስላለው ቢቀር ይሻላል። የሚፈተነው ሆርሞን የሚሟሟበት ኤታኖል (አልኮል) ከ0.1 በመቶ አይብለጥ፤ ኤታኖል ብቻ የገባበት ማነጻጸሪያም ይኑር።

ካኮ-2 የተባሉት፣ ከሰው የትልቁ አንጀት ካንሰር የተገኙ የላቦራቶሪ ሕዋሳት ሳህኑን ከሞሉ በኋላ መባዛታቸውን ቀንሰው በ21 ቀን ገደማ የቀጭን አንጀት ሕዋስ መልክ ይይዛሉ። ስለዚህ በ3ኛውና በ18ኛው ቀን የተለካ ውጤት በአንድ ሰንጠረዥ አይገባም።

በሰው ላይስ? 25,871 ሰዎች በተሳተፉበት የአሜሪካው ቫይታል ጥናት፣ በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ መውሰድ የካንሰር መከሰትን አልቀነሰም።