የጨዋታ ክበብ፦ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከግንቡ ሥር

የጨዋታ ክበብ በትምህርት ቤታችን ካሉት ክበባት በዕድሜ ትንሹ ነው። የኳስ ቡድን አይደለም፤ ዋንጫም የለውም። ሐሙስ ከሰዓት፣ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ፀሐይ በሚያገኘው ግንብ ሥር እንሰበሰባለን። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ጥላ ውስጥ ቁጭ በል ብትሉት የሚቀመጥ ልጅ የለም።

አባሎቻችን ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ናቸው። ኦቲዝም ያለባቸው አሉ። ትኩረታቸውን መሰብሰብ የሚቸግራቸው፣ ንግግር ዘግይቶ የመጣላቸው አሉ። ምንም የማይቸግራቸው፣ መጫወት ብቻ የሚወዱም አሉ። ለይተን አንመዘግብም። በዚህ ዘገባም የማንንም ልጅ ስም አላነሳም።

ኦቲዝም እንደ ጉንፋን የሚይዝና የሚለቅ በሽታ አይደለም። አእምሮ ገና ከጅምሩ በተለየ መንገድ ሲያድግ የሚታይ ነገር ነው። ከእርግማን ወይም ከእናት አስተዳደግ የመጣ አይደለም። ይህን በደንብ ማለት የምፈልገው እናቶች ስለሚወቀሱ ነው። በሞት የተለዩን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ ይዘው የሚሄዱበት ቦታ ሲያጡ ነበር በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት። ይኸው ሃያ ዓመት አለፈው። ያም ሆኖ ዛሬም «ልጅሽን አሞላቅቀሽው ነው» የምትባል እናት ክበባችን በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

ዘንድሮ ብዙ ጨዋታ ሞክረናል። ብይ፣ ቅልብልቦሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ ገበጣ። ሰኞ ማክሰኞ ለብዙዎቹ ተስማማ፤ መስመሩ መሬት ላይ ተሥሏል፣ ተራው ይታወቃል፣ አንዱ ሲዘል ሌላው ይጠብቃል። ድብብቆሽ ግን ለአንዳንዶቹ አልሆነም። ተደብቆ መጠበቅ፣ «አሁን የት ነው የሚፈልገኝ?» ብሎ በሌላው ልብ ማሰብ ከባድ ነው። ተውነው።

በዓመቱ ከሁሉ በላይ ያስተማረን ግን መሀረቤን ያያችሁ ነው። ጨዋታውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጆች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ አንዱ መሀረብ ይዞ ከኋላቸው ይዞራል፣ ከአንዱ ጀርባ ሹልክ አድርጎ ይጥላል። የተጣለበት ካወቀ ተነስቶ ያባርራል፤ ካላወቀ በመሀረቡ ይገረፋል። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ አለችን። ከኋላዋ ሰው ሲመጣባት አትችልም። ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ይወጣል፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ብድግ ብላ ትሄዳለች። ልጆቹ «ፈሪ ናት» አሉ። እኔም «ምኑ ይመስላችኋል የሚያስፈራት?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። አንዱ «መቼ እንደሚጣልባት ስለማታውቅ» አለ። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ደግሞ «ቲቸር፣ ፊታችንን ወደ ውጭ አዙረን ብንቀመጥስ?» አለ።

ዞረው ተቀመጡ። አሁን መሀረቡ ከፊት ነው የሚወድቀው። መገረፉ ቀረ፣ ሩጫው ግን ባሰበት፤ ዟሪው የሚጥል እየመሰለ ማታለል ጀመረ። መሀረቡ ልጅቷ ፊት ሲወድቅ መጀመሪያ ዝም ብላ አየችው። ማንም «ያንቺ ነው» ብሎ እንዳይጮህ ቀድመን ተስማምተን ነበር። አነሳችው። ለሁለት አጠፈችው። እንደገና አጠፈችው። ከዚያ ነው የሮጠችው። የጣለው ልጅ እስክታጥፍ ድረስ ቆሞ ጠበቃት። ጠብቃት ያለው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በክበባችን መሀረብ ሳይታጠፍ ሩጫ የለም፤ ሕግ ሆኗል። አዲስ አባል ሲመጣ ይህን ሕግ የምታስረዳው እሷ ናት።

ይህን በሰፊው የጻፍኩት በአንድ ምክንያት ነው። «ማኅበራዊ ክህሎት» ሲባል አንድ ልጅ ለብቻው ተቀምጦ የሚማረው የሚመስለን አለን። ሰላምታ ስጥ፣ ተራህን ጠብቅ፣ ፈገግ በል። እኔ ዓመቱን ሙሉ ያየሁት ሌላ ነው። ያቺ ልጅ ማባረርና መባረር የተማረችው ሌሎቹ እሷን ማየት ሲማሩ ነው። ራሱም ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ምሁር ዴሚያን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 የጻፈው ከዚህ ጋር ይገጥማል። አለመግባባቱ ከሁለቱም ወገን ነው ይላል። ኦቲዝም ያለበት ሰው ሌሎችን ማንበብ እንደሚቸግረው ሁሉ ሌሎቹም እሱን ማንበብ ይቸግራቸዋል። ታዲያ ሥራውን ሁሉ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ሁለተኛው ሥራችን የእንጨት ግንባታ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዳንኤል ሌጎፍ ልጆች ሌጎ በሚባሉ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ መጫወቻ ጡቦች አብረው እየሠሩ መግባባትን እንዲለማመዱ የሚያደርግ ዘዴ አውጥቶ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትሟል። እኛ ሌጎ የለንም። በሰፈራችን ያሉ አንድ አናጢ ቁርጥራጭ እንጨት ሰጡን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው፣ ቀለም ቀባነው። ዘዴው ቀላል ነው። ሦስት ልጆች፣ ሦስት ሥራ። አንዱ ሥዕሉን ይይዛል፣ አንዱ እንጨት ያቀብላል፣ አንዱ ይሠራል። ሥዕል ያዡ እንጨት አይነካም። ሠሪው ሥዕሉን አያይም። ከዚያ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ሳይነጋገሩ ምንም ነገር አይቆምም።

ከመምህር ጋር እንጂ ከእኩያው ጋር ሲያወራ ሰምቼው የማላውቅ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሥዕል ያዥ ሆነ።

«ረጅሙን።»

«የቱን ረጅም?»

«ቀዩን።»

«ሁለት ቀይ አለ።»

ዝም አለ። ሥዕሉን አየ፣ እንጨቶቹን አየ። «ጫፉ የተሰነጠቀውን» አለ።

አቀባዩ ሰጠ። ሠሪው አቆመ። ወሬያቸው ይኸው ነበር። ለእኔ ግን የዓመቱ ትልቁ ንግግር ነው። ሐሳቡ ለጓደኛው እንዳልገባው አወቀ፤ ሌላ ቃል ፈለገና ተናገረ። ወዳጅነትም እኮ በአብዛኛው ይኸው ነው።

መሸነፍ የማይሆንላቸውም አሉን። የሚቁነጠነጥ፣ ተራ መጠበቅ የሚያቃጥለው፣ ሲሸነፍ ብዩን ወርውሮ የሚሄድ። በታኅሣሥ የገና ጨዋታ ስንለማመድ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን አባባል የክበቡ መፈክር አደረግነው። መፈክር ብቻውን ግን ቁጣ አያበርድም። የረዳው ሌላ ነገር ነው፤ የተሸነፈ ሰው የሚቀጥለውን ጨዋታ ይመርጣል። ሲሸነፍ የሚሠራው ሥራ ስላገኘ መወርወሩ ቀነሰ። ጨርሶ አልጠፋም። ሲብስበት ከግንቡ ጥግ ሄዶ የሚቀመጥባት ድንጋይ አለችው፤ እስኪመለስ ማንም አይከተለውም።

ወላጆችና መምህራን እንዲያውቁልኝ የምፈልጋቸው ሁለት ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሹራብ ነው። በእኛ ብርድ የሱፍ ሹራብ የግድ ነው። ቆዳው ላይ እንደ መርፌ የሚሰማው ልጅ አለ፤ አውልቆ ሲጥል «እምቢተኛ» ይባላል። አንዲት እናት ከሥር ለስላሳ የጥጥ ቲሸርት አለበሱት፤ ክርክሩ በዚያው አበቃ። ሌላው ደወላችን ነው። የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ ጆሯቸውን ይዘው መሬት የሚቀመጡ ልጆች አሉ። አሁን ጋሼ ዘበኛችን ከመምታታቸው በፊት እጃቸውን ከፍ አድርገው «ልጆች፣ ልመታ ነው» ይላሉ። ድምፁ ያው ነው፤ ድንገተኛነቱ ግን ቀርቷል። እግዜር ይስጥልን፣ ጋሼ።

የዓይን ነገርም አለ። መጻሕፍቱ ዓይን ለዓይን መተያየትን ደጋግመው ያነሳሉ። እኛ አገር ግን ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ ልጅ ጨዋ ይባላል። ስለዚህ በዚህ አንለካቸውም። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ዓይን እያዩ መስማት እንደሚከብዳቸው ይናገራሉ። መሬት እያየ የሚሰማ ልጅ እየሰማ ነው። በክበባችን «ዓይኔን እየኝ» አይባልም።

መጋቢት 24 በመላው ዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ከወሰነ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ይከበራል። በሰልፍ ሰዓት አባሎቻችን ንግግር አላደረጉም። ሰልፈኛው ፊት መሀረቤን ያያችሁን፣ ወደ ውጭ ዞረው፣ ተጫወቱ። ሚኒ ሚዲያዎች ለዚያ ጠዋት ድምፅ ማጉያውን ስለዘጉልን እናመሰግናለን።

ያልተሳካም አለ። አንድ ልጅ እስከ ሰኔ ድረስ ብቻውን ቆርኪ ሲደረድር ነበር፤ አሁንም ይደረድራል። ግን ከቡድኑ ርቆ የነበረው ልጅ አሁን አጠገባቸው ነው የሚደረድረው። ሁለት ልጆች ቆርኪ ያመጡለታል። አብሮ መሆን ለእሱ ይህ ከሆነ፣ ይህ ይበቃናል፤ አንገፋውም።

ለመጪው ዓመት የሚያስፈልጉን ብዙ አይደሉም። ክረምቱ በጥቅምት ካልወጣ የምንጠለልበት አንድ ክፍል። ተጨማሪ እንጨት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጫዋች። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሆይ፣ ትልቅ ሆነናል ብላችሁ አትቅሩ። ምዝገባው በመስከረም ነው። ፎርሙ ላይ ለወላጅ ሁለት ጥያቄ ብቻ አለ፦ ልጅዎ ምን ይወዳል? ምን አይችልም? ሞልታችሁ መምህራን ክፍል አድርሱልኝ፤ መጻፍ የማይመቻችሁ ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት ከግንቡ ሥር ኑና በቃል ንገሩኝ።