የምልክት ቋንቋ ከጥቅሻ ጋር አይመደብም

ለአዘጋጁ፦

ስለ ሰው ልጅ የመግባቢያ ዓይነቶች ያወጣችሁት ጽሑፍ ሁለት ቦታ ላይ መታረም አለበት።

«ከመግባባት 93 በመቶው ያለ ቃል ነው» ይላል። ቁጥሩ የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተማቸው ጥናቶች ነው። ጥናቶቹ ያዩት ግን ቃል፣ ድምፅና ፊት ሲጋጩ ሰው የተናጋሪውን ስሜት ከየቱ እንደሚያነብ ነው። ለሁሉም ንግግር አይሠራም። ደሴ ፒያሳ አንድ መድኃኒት ቤት ገብታችሁ ስሙ። «አንድ ፍሬ፣ በቀን ሦስቴ፣ ከምግብ በኋላ» የሚለውን የትኛው ፊት ይናገረዋል? እናቶች ካርቶኑ ላይ በእስክርቢቶ አስጽፈው የሚሄዱት ቃሉ እንዳይጠፋቸው ነው።

ይበልጥ ያሳዘነኝ ሌላው ነው። የምልክት ቋንቋን ከጥቅሻና ከራስ መነቅነቅ ጋር ደርባችሁታል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። የጣት ፊደሉን ብቻ እንኳ እዩ፤ የእጁ ቅርፅ ፊደሉን ያሳያል፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7ቱን ድምፆች ይለያል። ይህን ከጥቅሻ መመደብ መስማት የተሳናቸው ልጆቻችን ቋንቋ የላቸውም እንደ ማለት ነው። ልጁ በምልክት ሲያወራ «እጅህን ሰብስብ» የሚል ወላጅ ዛሬም አለና፣ ነገሩ ቀላል አይደለም።

በሚቀጥለው እትም ቁጥሩን አርሙ። ለምልክት ቋንቋም ራሱን የቻለ ክፍል ስጡት። የክፍሉን ጽሑፍ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ መስማት የተሳነው መምህር እንዲያዘጋጀው አድርጉ፤ የጣት ፊደሉም በሥዕል አብሮ ይውጣ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ