በግራ እግር የተሣለ ሕይወት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ቅዳሜ ማታ ጅማ ቤታችን ውስጥ ከእህቴ ልጅ ጋር «ማይ ሌፍት ፉት» የተባለውን የ1989 እ.ኤ.አ. ፊልም አየን። ታሪኩ የአየርላንዷ ከተማ የደብሊን ሠዓሊና ደራሲ የክሪስቲ ብራውን ነው። ከሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም የአካል እንቅስቃሴን ከሚያውክ የአንጎል ጉዳት፣ ጋር የተወለደ ሰው ነው። እንደ ልቡ የሚታዘዝለት ግራ እግሩ ብቻ ነበር። በዚያው እግር ሣለ፤ ጻፈም። እሱን ሆኖ የተጫወተው ዳንኤል ዴይ ሉዊስ ኦስካር ወስዷል።

እኔን የያዘችኝ ግን እናቱ ናት። ቤቷ ድሃ ነው፤ በልጅ የተሞላ። ሰው «ምንም አይገባውም» ሲል እሷ ታወራዋለች። ልጁ ወለሉ ላይ በጠመኔ «እናት» ብሎ ሲጽፍ እንባዬ መጣ። እሷን የተጫወተችው ብሬንዳ ፍሪከርም ኦስካር አግኝታለች። ይገባታል!

የእህቴ ልጅ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። የጅማን ባለሦስት እግር በርጩማ ስትሥል ብታዩዋት! አምና እዚሁ ከተማችን የሥዕል ዐውደ ርእይ ልናይ ሄደን ደረጃው መለሰን። አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው፤ ለዊልቸር መውጫ የለውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ዐዋጅ እኮ የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ባለ አዳራሾች፣ እባካችሁ፣ አንድ መወጣጫ ሥሩ።

ፊልሙ ሲያልቅ «አክስቴ፣ ቀለም ግዢልኝ» አለችኝ። ሰኞ ገበያ እንወጣለን።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ