ስለ ግጥም ደብተሮቹ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች
ቢቸና

ጤና ይስጥልን። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርድ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በክፍል ኃላፊ መምህራን በኩል ስለሚሰጥ፣ እባካችሁ ራሳችሁ መጥታችሁ ውሰዱ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የግጥም ደብተር እቤት ውስጥ ተቀደደ። ልጁ ቁርጥራጩን በፌስታል ይዞ ቢሮዬ መጣ። ከዚያ በፊትም ቅሬታ ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ፤ በአክብሮት ሰምቻችኋለሁ። አሁን ደግሞ እናንተ ስሙኝ።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ በአማርኛ ክበብ ልጆቹ የሚሰማቸውን በግጥም ይጽፋሉ። ያዘኑበትን፣ የናፈቁትን፣ የተናደዱበትን። ማንም አይገደድም። መምህሩም ልጁ ካልፈቀደ ደብተሩን አይከፍትም። ነገሩ ይኸው ነው።

«አማርኛ በ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ላይ የለም፣ ፊዚክስ ያጥኑ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ፊዚክስም ያጠናሉ። ክበቡ የማንንም ክፍለ ጊዜ አይነካም። ደግሞም ወል ቤት በሚባለው የግጥም ስልት የሚጽፍ ልጅ በየስንኙ 12 ቀለም (የቃል ድምፅ ቁራጭ) ቆጥሮ፣ 6 እና 6 አድርጎ ይከፍላል። ቃል ሲተርፈው ይቆርጣል፣ ሲጎድለው ሌላ ይፈልጋል። ይህን ሥራ መፍታት ካልነው እኔ ሥራ ምን እንደሆነ አላውቅም።

የት አገር ተቀምጠንስ ነው ግጥም እንደ ነውር የሚቆጠረው? እነ ዲማ፣ ዋሸራና ጎንጅ የመሳሰሉ የቅኔ ትምህርት ቤቶች ባሉበት ጎጃም! የቅኔ ተማሪ ለቆጠራ፣ ማለትም ቅኔውን ለብቻው አስቦ ሊያዘጋጅ፣ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ «ቦዘነ» የሚለው የለም። ከአጭሩ የቅኔ ዓይነት፣ ከ2 ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነስቶ ረጅሙ መወድስ እስኪደርስ የራሱን አዲስ ቅኔ ማምጣት አለበት። «ያ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ይሄ የፍቅር ወሬ» ትሉኛላችሁ። አንድ ናቸው አላልኩም። ስለ ፍቅር የሚጽፉም አሉ፣ አልደብቅም። በዚህ ዕድሜ ልባቸው ውስጥ ያለውን ደብተር ላይ ቢያሰፍሩት እኔ አልደነግጥም።

ከሁሉ የከበደኝ «ገመናችንን አደባባይ አወጣችሁት» የሚለው ነው። እናቶቻችን ለቅሶ ቤት ሙሾ ሲያወርዱ ስንት የቤት ጉዳይ ይነሳል? የልጆቹ መበተን፣ የወንድም ቅያሜ ሳይቀር ይነሳል። አልቃሿን «ገመና አወጣሽ» ብሎ የሚያስነሳት አለ? የለም። አልቅሰን፣ ቀለል ብሎን እንመለሳለን። ልጆቻችን ያለፉትን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፉ ለእናንተ አልነግርም። ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ ሰው የሞተበት ልጅ ስንት ነው? ይህን ሁሉ የት ያድርጉት?

አንዲት ተማሪያችን ለወራት አንገቷን ደፍታ፣ ሳትናገር ትቀመጥ ነበር። መጀመሪያ የጻፈችው ይህን ነው። እሷም እናቷም ፈቅደውልኛል፦

አባቴ ሄደና ጥሎብን እርሻውን፣
እርፉን ማን ይጨብጥ፣ ማን ይንዳ በሬውን?

እናቷ ልጇ ስለ እርሻው እንደምትጨነቅ ያወቀችው ከዚህ ነው። ይህ ገመና ማውጣት ከሆነ፣ እንኳን ወጣ።

«መጥፎ ነገር ቢጽፉስ?» ለምትሉ፣ መምህሩ በተሰጠው ደብተር ላይ የሚያሳስብ ነገር ካየ ልጁን ለብቻው ያነጋግራል፤ እናንተንም እንጠራለን። ልጁ ሳይፈቅድ መድረክ ላይም ሆነ ሰልፍ ላይ የሚነበብ ግጥም የለም፣ አይኖርምም።

እናንተን የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። ደብተሩን ሳታስፈቅዱ አትክፈቱ። ከፍታችሁ ከሆነም አትቅደዱ። ልጁ በራሱ ፈቃድ ካነበበላችሁ ደግሞ እስኪጨርስ ስሙት።

አሁንም ቅር ያለው ወላጅ ቅዳሜ ካርድ ሲወስድ ቢሮዬ ይግባ። የአማርኛ መምህሩም ይኖራል። በዚህ ጉዳይ ግን ልጆቹን እቤት እንዳትቆጡብኝ አደራ።

ከአክብሮት ጋር
ርእሰ መምህሩ