ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ቦዩ ይለያይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የፋብሪካ ፍሳሽ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ዘመናዊ ማጣሪያ ስለመግዛት ነው። ሜምብሬን (ቆሻሻ የሚያስቀር ስስ ወንፊት)፣ ኦዞን (ውሃ የሚያጸዳ ጋዝ)፣ ምናምን። እኔ ቆዳ ፋብሪካ ከበሮ ላይ፣ ማለትም ቆዳው ከኬሚካል ጋር በሚሽከረከርበት ትልቅ በርሜል ላይ፣ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ የአቃቂ ሰው ነኝ። ከዚያ የሚቀድም ጉዳይ አለኝ።

የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ አንድ ዓይነት አይደለም። ፀጉር የተራገፈበት ውሃ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ አለበት። ቆዳው ለፍቶ ዌት ብሉ (እርጥብ ሰማያዊ ቆዳ) የሚሆንበት ደግሞ አሲድና ቆዳ ማልፊያው ክሮም ነው፤ ከበሮው ሲከፈት ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል። እኔ በሠራሁበት ቤት ሁለቱም የሚለቀቁት በአንድ ቦይ ነበር። አሲዱ ሰልፋይዱን ሲያገኘው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይነሳል። ሽታው ብቻ ቢሆን በታገስነው፤ ጋዙ ሲበዛ ሰው ይገድላል።

ክሮሙም የሚጣል ዕቃ አይደለም። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚጠጣው ከ60 እስከ 70 በመቶውን ነው፤ ቀሪው በቦይ ይሄዳል። ያን ውሃ ለብቻው ጠልፎ አሲዱን የሚያበርድ ማግኒዥየም ኦክሳይድ መጨመር ነው። ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልክ) 8 ተኩል ገደማ ሲደርስ ክሮሙ እንደ አተላ ከታች ይዘቅጣል፣ መልኩ አረንጓዴ ነው። ከላይ የጠለለው ውሃ ይቀዳና ወደ ቀጣዩ ማጣሪያ ይሄዳል። ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ተመልሶ ከበሮ ይገባል። የሚያስፈልገው ገንዳ፣ ማማሰያ፣ ፓምፕና የፒኤች መለኪያ ነው። በዶላር የሚገዛ ኬሚካል ወንዝ ውስጥ ደፍቶ ስለ ምንዛሪ እጥረት ማማረር፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አይገባኝም።

የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ይጠቀማል ይባላል፤ እውነት ነው፣ እሰየው። ግን እዚያ ማጣሪያው አብሮ ታቅዶ ነው የተሠራው። ሁሉን በአንድ ቦይ የሚደፋ አሮጌ ፋብሪካ ላይ ያንኑ ማሽን ብትተክሉት ሜምብሬኑ ወዲያው ይደፈናል።

አፈሩ ደግሞ ይብሳል። ትንሹ አቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚጠጣው የወንዙን ውሃ ነው። ክሮም ከብረታ ብረት ወገን ነው፤ ባክቴሪያ በልቶ አይጨርሰውም። አፈር ማጠብ የሚባል ዘዴ አለ፣ ለአሸዋማ መሬት ጥሩ ነው። የእኛ መረሬ ግን ጭቃ ነው፣ የያዘውን አይለቅም። ብረት የሚስቡ ተክሎችም አሉ፤ ዓመታት ይፈጃሉ፣ ታጭደው የወጡትም ለከብት አይሰጡም፣ ራሳቸው ቆሻሻ ናቸው። እስከዚያ ጎመን አብቃዩ ምን ይብላ?

ሕጉማ አለ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995። በእኛ ጊዜ ግን ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቀጠሮ ይዞ፣ ጠዋት ነበር። ሰማያዊው ውሃ የሚለቀቀው ማታ። አሁንም እንደዚያው ከሆነ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ናሙና የሚወስዱት ሰዎች ሳይናገሩ፣ ማታ፣ ከበሮው ሲራገፍ ይምጡ። ከዋናው ቱቦ ጫፍም ሳይሆን ከራሱ ከከበሮው ሥር ይቅዱ።

ጡረተኛው የቆዳ ሠራተኛ
ከአቃቂ ቃሊቲ